የዋርሶ ጡብ

ጠጋ በሉማ፣ ስለ ፖላንድ ዋና ከተማ ስለ ዋርሶ ልንገራችሁ። ዓመቱን በፈረንጆቹ ልቁጠርላችሁ።

ከተማዋን በያዙት ጀርመኖች ላይ የተነሣው የ1944ቱ አመፅ ሲከሽፍ ጀርመኖቹ ነዋሪውን አስወጡት። የቀረውን ቤት በየተራ እያቃጠሉ በድማሚት አፈረሱት። በጥር 1945 ሰዉ በብርድ ሲመለስ ውሃ የለም፣ መብራት የለም፣ ጣሪያ የለም። ፍርስራሹ ሥር ሬሳ አለ፤ ፈንጂም አለ። በእንዲህ ያለ ቀን አንዱ ተነሥቶ «የጥንቱን ሰፈር እንደነበረ እናቁመው» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? እኔ ብሆን «ልጄ በብርድ እየተንቀጠቀጠ?» እለው ነበር።

እነሱ ግን ሊያቆሙት ተነሡ። በጦርነቱ ጊዜ የዋርሶ ፖሊቴክኒክ አርክቴክቶች የየቤቱን ልክ የያዘ ንድፍ አሽሽተው ፒዮትርኩፍ ከተማ ባለ ገዳም ደብቀው ነበር። ሞት ደጃፋቸው ቆሞ ወረቀት የሚያሸሹ ሰዎች! ያንን አወጡት። የጎደለውን ቤርናርዶ ቤሎቶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከሳላቸው የከተማዋ ሥዕሎች ሞሉት።

አሁን ልብ በሉልኝ። የቤቶቹን ፊት የጥንት አደረጉት፤ ከጀርባው ግን ቧንቧና መብራት የገባለት የቤተሰብ መኖሪያ ሠሩ። ከአሮጌው ሰፈር ጠርዝ ሥር ዋሻ ፈልፍለው መኪናና ትራም የሚያልፍበትን የምሥራቅ–ምዕራብ ጎዳና በ1949 ከፈቱ። ቁፋሮው የቅድስት ሐናን ቤተ ክርስቲያን ሊያሳጣቸው ነበር። ዳገቱ ተንሸራተተ፣ ግንቡ ተሰነጠቀ። ተረባርበው አፈሩን አጠነከሩና አተረፉት። መንገዱም ይቅር አልተባለም።

ጡቡስ ከየት መጣ? ከራሷ ከዋርሶ ፍርስራሽ፤ ደግሞም ከጦርነቱ በኋላ ለፖላንድ ከተሰጡት የጀርመን ከተሞች፣ ከነቭሮትስዋፍ። በባቡር እየተጫነ መጣ። እዚያ ሊጠገን ይችል የነበረ ቤት ለጡቡ ሲባል ፈረሰ። የዋርሶን አደባባይ ባየሁ ቁጥር ደስ የሚለኝን ያህል ይህ ያመኛል፤ የአንዱ ቅርስ በሌላው ቅርስ ተገዝቷልና።

እንደ ቤቶቹ የፈረሰው የዋርሶ የነገሥታት ቤተ መንግሥት ግን ተራውን ጠበቀ። ሰዉ ቤት እስኪያገኝ፣ ከዚያም መንግሥት ልቡ እስኪራራ፣ ቦታው ከ25 ዓመት በላይ ባዶውን ቆየ። በ1971 ይሠራ ሲባል ሕዝቡ ከኪሱ አዋጣ፤ በስደት ያሉትም ላኩ። በ1984 በሩ ተከፈተ። ከፍርስራሹ ተለቅመው የተቀመጡት የአሮጌው ግንብ ስብርባሪዎች ዛሬ በአዲሱ ግድግዳ ውስጥ በየቦታቸው ተሰክተው ይታያሉ።