ከሌባ ሻይ እስከ ዐቃቤ ሕግ

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ከግቢው ወጥተን ልዩ ልዩ የሥራ መንገድ ልንይዝ ስለ ተቃረብን፣ ለታናናሾቻችን የሚጠቅም አንድ የታሪክ ጽሑፍ ለማቅረብ አሰብን። ያሳሰበን ጉዳይ ይህ ነው። ከመካከላችን ወንጀል እንዴት እንደሚገለጥ ማወቅን አጥብቀው የሚወዱ፣ ነገር ግን ኬሚስትሪና ፊዚክስ የማይሆንላቸው አሉ። ወንጀል መርማሪ ማለት ነጭ ጋዋን ለብሶ ደም የሚመረምር ሰው ብቻ ስለሚመስላቸው፣ የማኅበራዊ ሳይንስን ክፍል በመረጡ ጊዜ በሩ የተዘጋባቸው መስሏቸው ያዝናሉ። ወላጆችም አንዳንድ ጊዜ «ሳይንስ የጠላ ልጅ ምን ይሆናል?» እያሉ ይጨነቃሉ። የአገራችንን የፍርድ ታሪክ ስንመለከት ግን ተስፋ የሚሰጥም የሚያስጠነቅቅም ነገር አገኘን።

በቀድሞ ዘመን የፍርድ ቦታ ብዙ ጊዜ የዛፍ ጥላ ነበር። ሁለት ሰዎች በመንገድ ቢጣሉ መንገደኛውን አስቁመው ዳኛ ያደርጉታል። ከሳሹ «ተጠየቅ» ሲል ተከሳሹ «ልጠየቅ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ በላ ልበልሃ በሚባለው ሥርዓት በምሳሌና በቅኔ መሰል ቃል ይሟገታሉ፤ ማር ወይም በቅሎም ይወራረዳሉ። አንደበቱ ያልተፈታ ሰው ነገረ ፈጅ ይወክላል። ከባዱ ነገር በይግባኝ ወደ አፈ ንጉሥ፣ በመጨረሻም ወደ ዙፋን ችሎት ይደርሳል። መጽሐፉም ፍትሐ ነገሥት ነበር፤ ይኸውም በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ ተሰናድቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ስለ ሆነ፣ ቃሉን የሚተረጕም ሊቅ ያስፈልገው ነበር። እንግዲህ ይህ ሁሉ የአንደበት፣ የጆሮና የመጽሐፍ ሥራ ነው።

ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው በአንድ ቦታ ይሰበሰብና አውጫጭኝ ይደረጋል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የጠቆመውም ሰው በቀል እንዳይደርስበት ስሙ ሳይነሣ «ወፍ» ይባል ነበር። ይህ ዘዴ የሰፈሩን ምስክርነት የሚያወጣ ቢሆንም፣ ንጹሑን ከሥራው እያስቀረ ያጕላላው ነበር፤ ስሙ የማይነሣውን ጠቋሚ ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ የሚጠይቀው አልነበረም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሌባ ሻይ ነው። ለአንድ ልጅ የሚያፈዝ መድኀኒት ይሰጡትና ወገቡን በገመድ አስረው ይለቁታል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ በገባበት ቤት ሲወድቅ፣ የቤቱ ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ያ ሰው «የት ነበርህ? ማን አየህ?» ተብሎ አልተጠየቀም። የደነዘዘ ሕፃን እግር በምስክር ፈንታ ቆመበት። እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ፣ ልጁም ባለቤቱም አሳዘኑን።

ይህ አሠራር የቀረው ጥያቄና ጽሑፍ ሥርዓት እየያዙ በሄዱ መጠን ነው። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ ፍርድ ቤቶችና ፖሊስም በዐዋጅ ተደራጁ። በ1939 ዓ.ም. የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ተቋቋመ። የስዊዘርላንዱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ወደ አማርኛ ተተርጕሞ በ1949 ዓ.ም. ታወጀ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የተያዘ ሰው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ፣ ፖሊስም በማስፈራራት ወይም በማባበል ቃል እንዳይቀበል ደነገገ። በ1956 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። የ1949ኙንም ሕግ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ተክቶታል።

እንግዲህ ሳይንስን የማይወድ ወጣት የትኛውን ሥራ ይያዝ? የፖሊስ መርማሪ ቃል ይቀበላል፤ የሚያስፈልገውም ትዕግሥትና ጥሩ ጽሕፈት ነው። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን መዝኖ ክስ ይመሠርታል፤ ጠበቃ ይከላከላል፤ ዳኛ ይፈርዳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት፣ ተከሳሽ ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማይረዳ ከሆነ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጐምለት ስለሚያዝ፣ ቋንቋ የሚወድ ልጅ አስተርጓሚ ሊሆን ይችላል። በማረሚያ ቤት የታራሚውን ጠባይ የሚያቀና የሥነ ልቡና ባለሙያና መምህር አለ፤ ለጋዜጣ የችሎቱን ዜና የሚጽፍም አለ። እኅቶቻችንም ወደ ኋላ አይበሉ፤ በ2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ በዚያ ወንበር የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ።

ይሁን እንጂ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ሳይንስን አለመውደድ አንድ ነገር ነው፤ መናቅ ግን ሌላ ነው። ዐቃቤ ሕጉ የሐኪሙን ማስረጃ አንብቦ ካልተረዳ፣ ዳኛውም «ይህን በምን ዐወቅህ?» ብሎ ባለሙያውን ካልጠየቀ፣ የሰለጠነው መሣሪያ ራሱ አዲስ ሌባ ሻይ ይሆንብናል። መርምሮ ሳይረዱ ማመን ያን ጊዜም ንጹሑን ጐድቷል፤ ዛሬም ይጐዳል።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። ታናናሾቻችን ሆይ፣ ታሪክን፣ ቋንቋንና ጽሕፈትን እንደ ቀላል ትምህርት አትቍጠሯቸው፤ የሰው ነጻነት አንድ ቀን በእናንተ ጥያቄና በእናንተ ብዕር ላይ ሊያርፍ ይችላልና። ወላጆቻችንም ልጃችሁ ከኬሚስትሪ ይልቅ ክርክርን ቢወድ አትዘኑ፤ እውነትን ይወድ እንደ ሆነ ግን ጠይቁት።