ከቂሊንጦ እስከ መርካቶ፦ ከተማችንን እንደ መንገደኛ ስናያት

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ታላቁ ተጓዥ ኢብኑ በጡጣ በ1325 እ.ኤ.አ. ሐጅ ለማድረግ ከጠንጃ ተነሥቶ ብዙ ከተሞችን አየ፤ የጎረቤታችንን ዘይላንም ጎብኝቷል። ያየውን አስጽፎ ስላለፈ ዛሬ የሌሉ ገበያዎችን እናውቃቸዋለን። እኛስ የምንኖርባትን ከተማ እንዲህ አይተናታልን?

ከቂሊንጦ ስንነሣ የሚታየን አዲሱ ነው፤ ትላንት እህል ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ ኮንዶሚኒየምና የኢንዱስትሪ ፓርክ ቆሟል። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ባቡር ከቃሊቲ መነሣት ሲጀምር ብዙዎች ተደነቁ። ሆኖም የጅቡቲው ባቡር በአቃቂ አልፎ አዲስ አበባ የገባው ገና በ1909 ዓ.ም. ነበር።

መርካቶ ስንደርስ አሮጌውና አዲሱ ይደባለቃሉ። ከሕንፃዎቹ ሥር ተሸካሚው፣ ሚዛኑና የቅመም መደቡ እንዳሉ ናቸው። ገበያው ግን ከጥንት እዚህ አልነበረም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ትልቁ ገበያ አራዳ ነበር። ወደ መርካቶ ያዛወረው ጣሊያን ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ነጩን ከአገሬው ለመለየት ሲል። ታላቁ አንዋር መስጊድም የተሠራው በዚያው ዘመን ነው። ወራሪው ይህን ያደረገው ለእስልምና አስቦ ሳይሆን የሙስሊሙን ድጋፍ ፈልጎ ነበር። እርሱ ሄደ፤ መስጊዱን ግን አባቶቻችን በሶላትና በዒልም ሞሉት።

ወደ ሰሜን ስናልፍ ሸጎሌ አለ። ስሙ የቤኒሻንጉሉ ገዥ የሼኽ ሖጀሌ ስም መሆኑን ስንቶቻችን ለልጆቻችን ነግረናል? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚችው ከተማ ጎዳናዎች ሙስሊሙ ለእኩልነት ሰልፍ መውጣቱን፣ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው መሰለፋቸውን ነግረናቸዋልን? ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው።

ውድ አድማጮች፣ ከተማ ስታድግ ታፈርሳለች። በ2016 ዓ.ም. ከአሮጌው ፒያሳ ብዙው ክፍል ፈረሰ። ነዋሪውም ወደ ዳር ወጣ። ቤት ሲፈርስ ጎረቤት ይበተናል፤ ጎረቤት ሲበተን ታሪኩን የሚያወሳው ይጠፋል። በዳር ሠፈር የተወለደ ልጅም ከተማዋ የእርሱ አትመስለውም።

ስለዚህ በሚመጣው ጁሙዓ ልጆቻችንን ይዘን አንድ የድሮ ሠፈር እንዘይር። ከሶላት በኋላ አንድ አዛውንት፣ «አባባ፣ እዚህ ቦታ ድሮ ምን ነበር?» ብለን እንጠይቅ፤ የሚነግሩንንም እንጻፍ። ቁርኣን በምድር ላይ ሂደን እንድናስተነትን ደጋግሞ ያዘናል። ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም።

አላህ ያየነውን ከሚያስተነትኑት ያድርገን፤ አሚን።