“ሲስተም የለም” ሲሉን ምን ማለታቸው ነው? ከዋናው መሥሪያ ቤት የራቀ ቢሮ ኮምፒውተር እንዴት ይሠራል

“ሲስተም የለም፤ ነገ ተመለሱ።” በካምፕ ኖሮ ይህችን ያልሰማ የለም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የተሰለፉ እናቶች ልጅ እንዳዘሉ ይመለሳሉ። በቅርቡ አንድ ተማሪዬ “ቲቸር፣ ሲስተሙ የት ሄዶ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ቀልድ ይመስላል እንጂ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሲስተሙ በእርግጥም ያለው ሌላ ቦታ ነው።

መስኮቱ ጋ ያለው ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ የእኛን ፋይል አልያዘም። ፋይሉ ያለው በዋናው መሥሪያ ቤት፣ አንዳንዴም በሌላ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ነው። ስማችን በተፈለገ ቁጥር ጥያቄው በኔትወርክ ይሄዳል፣ መልሱ ይመጣል። ካኩማን ብንወስድ ከናይሮቢ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መሃል ላይ አንድ ነገር ከተቋረጠ፣ መብራትም ኮምፒውተርም ሠራተኛም ያለው ቢሮ ሥራ ይፈታል። የባንክም ሆነ የክሊኒክ ቅርንጫፍ ችግሩ ይኸው ነው።

አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ የተማርን ፕላዝማን አንረሳውም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር። መብራት ከሄደ ያ ክፍለ ጊዜ አለፈ ነው፤ መምህሩ “ቆይ፣ ወደኋላ መልሰው” ሊል አይችልም። ሁሉም ነገር ማዕከል ላይ ሲሆን ዳር ያለው ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ሌላው መንገድ በየቀኑ የሚያስፈልገውን እዚያው ዳር ላይ ማስቀመጥ ነው። ኮሊብሪ የሚባለው የትምህርት ፕሮግራም እንዲህ ነው የሚሠራው። ቪዲዮውና መልመጃው ክፍል ውስጥ ባለች አንዲት ኮምፒውተር ላይ አንዴ ይጫናል፤ ከዚያ ተማሪዎች ኢንተርኔት ባይኖርም በዋይፋይ ከሷ ይከፍታሉ። ኪዊክስም ዊኪፒዲያን በዚሁ መልክ ያስነብባል።

ለቢሮ መዝገብ ግን ከበድ ይላል። መዝገቡ ሁለት ቦታ ሲኖር ትክክለኛው የትኛው ነው? መስመር በተቋረጠበት ቀን እዚህ አንድ ሕፃን ተመዘገበ፤ በዚያው ቀን እዚያ ማዕከል ላይ የዚያው ቤተሰብ አድራሻ ተቀየረ እንበል። መስመሩ ሲመለስ ሁለቱ እንዴት እንደሚዋሐዱ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ አዲሱ አድራሻ ሲገባ ሕፃኑ ከመዝገብ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ በኋላ እናትየው “ልጄ ተመዝግቧል” ብትል ማን ይሰማታል?

መስመሩ ሳይቋረጥም ሥራ የሚጎተትበት ጊዜ አለ። የቆየው ዓይነት ሳተላይት 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ጥያቄው ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ ወርዶ እስኪደርስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ያልፋል። አንድ ፎርም ለመክፈት ኮምፒውተሩ ከሰርቨሩ ጋር 40 ጊዜ ከተመላለሰ 20 ሰከንድ ሄደ ማለት ነው። ፈጣን ፓኬጅ ቢገዛም ይህ አይድንም። እንደ ስታርሊንክ ያሉት 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሚዞሩ ምልልሱ በጣም ያጥራል።

በእኔ ግምት ግን ከሳተላይቱ ይልቅ የሚጥለን ባትሪና አቧራ ነው። ከሶላር ጋር የሚሠራ የተለመደው ሊድ አሲድ ባትሪ በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ባለ 12 ቮልቱ ከሶላሩም ከሥራም ተነቅሎ ጥቂት ሰዓት አርፎ ሲለካ 12.7 ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.1 ገደማ ከሆነ ግማሽ ላይ ነው። ለሰርቨሩ በተገዛ ባትሪ ላይ የሻይ ማፍያ ሲሰካ በዓይኔ አይቻለሁ። ሻዩ ጥሩ ነበር፣ ባትሪው ግን ብዙም አልቆየ።

አንድ የማውቀው ቢሮ ደግሞ ራውተሩን ብረት ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ከተማ ይዞት ሄደ። ማጥፋትና ማብራት ብቻ ለሚፈልግ ብልሽት ባለሙያ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። ከሩቅ የሚደረግ ጥገና መስመር እስካለ ድረስ ይሠራል፤ መስመሩ ራሱ ሲበላሽ ግን የሚያድነው ቦታው ላይ ያለ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ቁልፍ የያዘ፣ ስልክ የሚያነሳ አንድ የሠለጠነ ሰው እዚያው መኖር አለበት። ገመዶቹ ላይ ቁጥር ይለጠፍ፤ “ሦስት ቁጥሩን ንቀልና መልሰህ ሰካው” ማለት በስልክ ይቻላል። መለዋወጫ ራውተርም እንደ ማዕከሉ ተስተካክሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።

መዝገብ ዳር ላይ ሲቀመጥ የሚፈራ ነገርም አለ። የስደተኛ ፋይል ከተሰረቀ፣ ስሙና የሸሸበት ምክንያት የማይገባው ሰው እጅ ሊወድቅ ይችላል። ዲስኩ ያለ ፓስወርድ እንዳይነበብ ተደርጎ መመስጠር፣ እያንዳንዱ ሠራተኛም የራሱ ፓስወርድ ሊኖረው ይገባል። አንድ ፓስወርድ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ለአምስት የሚጠቀሙ አሉ፤ ይህን ያየ ሰው ለኃላፊ ቢነግር መብቱ ነው።

እስከዚያው “ሲስተም የለም” ስትባሉ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። የመጣችሁበት ቀን፣ የጉዳያችሁ ቁጥርና የቀጠሮው ቀን በወረቀት ተጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ወረቀቱንም በስልክ ፎቶ አንሱት።