የጾም ገበያ በመርካቶ

በአውሮፓ ምድር ሥጋን የተዉ ሰዎች ወተቱንና እንቁላሉን ለመተው ረጅም ዘመን ወስዶባቸዋል። በእንግሊዝ አገር ሥጋ የማይበሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1847 ማኅበር አቋቁመው ኖረው፣ ከመካከላቸው ከእንስሳ የሚገኘውን ምግብ ሁሉ ከማዕዳቸው ሊያርቁ የወደዱት ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር የመሠረቱት ከ97 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። በአገራችን ግን ይህ ሁለተኛው እርምጃ ለብቻው የቆመ እርምጃ ሆኖ አያውቅም፤ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሥጋን በከለከለበት ቃል ጥሉላትን ሁሉ፣ ማለት ወተቱን፣ ቅቤውን፣ አይቡንና እንቁላሉን አብሮ ስለከለከለ፣ ጾመኛው በቅበላ ማግስት ሁሉንም በአንድ ቀን ይሰናበታል።

ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም የደነገገው በየዘመኑ በሊቃውንቱ ሲተረጎምና በምእመናኑ ሲጠበቅ የኖረ ሲሆን፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የፍልሰታ 15፣ የነነዌ 3፣ የነቢያትና የሐዋርያት አጽዋማት፣ በዚያም ላይ ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩ፣ ከዓመቱ ቀኖች እኩሌታ ያህሉ የጾም ይሆናሉ፤ ለካህናትና ለመነኮሳት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ገደማ በገንዘብና በምክንያት ቅቤን በጾም መፍቀድ ጀምራ፣ በፈረንሳይ አገር በሩዋን ከተማ የቆመው ረጅም ግንብ በጾም ቅቤ ለመብላት ፈቃድ ከገዙ ሰዎች በተሰበሰበ ገንዘብ ታነጸ ተብሎ እስከ ዛሬ የቅቤ ግንብ ሲባል፣ የእኛዋ ግን በዚህ ነገር አንዳች አላላላችም። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተቀመጠው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሐበሻን ጾም ጽናት ሲያደንቅ፣ ሕዝቡ እንጀራውን የሚያባብልበትን የሰናፍጭ፣ የፌጦና የተልባ ማጥቀሻ ሳይዘነጋ ጽፎታል። እነዚህ ሦስቱ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ዛሬ በመርካቶ በማዳበሪያ ከረጢት አፍ ላይ በጣሳ እየተሰፈሩ የሚሸጡ ናቸው።

የመርካቶን ነገር ካነሣን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም እንደነበር ይታወቃል። ፋሺስት ኢጣልያ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ፣ ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት ባወጣው ክፉ ዕቅድ አራዳን ለአውሮፓውያን አስቀርቶ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ ስሙም ከገፊው ቋንቋ ተወስዶ መርካቶ ሆነ። ጠላት በአምስት ዓመቱ ሲወጣ ገበያው ግን በቦታው ጸና፤ የተገፋው ነጋዴ ቦታውን የራሱ አድርጎ፣ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ሐረሪው፣ ኦሮሞውና አማራው በየተራው ተሰለፈበት። የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድም በቅርብ ርቀት ስለሚተያዩ፣ የቅዳሴው ዜማና የአዛኑ ጥሪ በአንድ ሸማች ጆሮ ይገናኛሉ።

እንዲህ የተሰበሰበ ገበያ በጾም ካላንደር መተዳደሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ቅበላ ሲደርስ በጉና ዶሮው ይወደዳል፤ ጾሙ በገባ ማግስት ክርስቲያኑ ሉካንዳ በሩን ሲዘጋ፣ ቅቤ ነጋዴውም ለፋሲካ እያሰበ ዕቃውን ሲያከማች፣ በበርበሬ ተራና በእህል በረንዳ የሚተላለፈው ሰው ይበዛል። ጥንቁቅ ባለቤት የፍስክ ቅቤ የነካው ድስት የጾሙን ወጥ እንዳያረክስባት የጾም ድስት ለብቻው ስለምታኖር፣ ሸክላ ሻጩም በዚህ ወራት አይከስርም። ቀጥሎም ሽሮው፣ ክኩ፣ ኑጉ፣ ሰሊጡና ሱፉ ይሸመታል።

ስለ ሱፉ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም የእናቶቻችን ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚታይበት ይመስለኛል። ሱፉ ተለቅሞና ታጥቦ ይቀቀላል፤ ከዚያም ይወቀጥና በውሃ እየተበጠበጠ በንጹሕ ነጠላ ይጠለላል፤ ከነጠላው ሥር የሚወርደው ውሃ ነጭና ወፍራም፣ ላዩ ቅባት ያረበበት ሆኖ፣ ለማያውቅ ሰው ከላም የታለበ ይመስላል። በዚህ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ተከትፎ እንጀራ ሲፈተፈትበት ሱፍ ፍትፍት ይሆናል። የባቄላው ዱቄት በውሃ በስሎ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ እስኪነጣ ሲመታና ሰናፍጭ ሲገባበት እልበት ይባላል፤ በሱፍ ውሃ በስሎ ከሰናፍጭ ጋራ ቀናት ሲብላላ ደግሞ ስልጆ ይሆናል። የሽምብራውም ሊጥ በዓሣ መልክ ተቆርጦና ተጠብሶ በወጥ ውስጥ ይገባል። ጾም ጥሉላትን በነፈገበት ቤት ጣዕም አልጠፋም፤ እንዲያውም ወጥ ቤቷ በቅቤ መሸፈን የማትችለውን ጉድለት በእጇ ብልሃት መሙላት ስለነበረባት፣ የአገራችን የወጥ ሙያ ከፍስኩ ይልቅ በጾሙ ተፈትኖ ጠነከረ ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ክርስቲያንና እስላም አንዱ ያረደውን ሌላው እንዳይበላ ልማዱ ስለሚያግደው፣ በሠርግም በለቅሶም ሥጋው በሁለት ድንኳን ይሠራል፤ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ግን ዕርድ ስለሌለበት ለሁለቱም የተፈቀደ ነው። በመርካቶ ለክርስቲያኗ ሰናፍጭና ኑግ የሚሰፍርላት ነጋዴ ብዙ ጊዜ እስላም ነው፤ በምሳ ሰዓትም በሱቁ ደጃፍ የጾም በያይነቱ ቢቀርብ ከጎረቤቱ ጋራ ከአንድ ትሪ ሊቆርስ ይችላል። የማዕድ ልዩነት በጠነከረበት አገር ይህ ትንሽ ጸጋ አይደለም።

የዘይቱ ታሪክ ግን የሚያሳዝን ነው። ቀድሞ ኑግ በቤት ተቆልቶና ተወቅጦ፣ በውሃ ፈልቶ ዘይቱ ከላይ ይገፈፍ ነበር፤ ኋላም መጭመቂያዎች ሲመጡ ዘይቱ ለጾመኛው፣ ዝቃጩ ፋጉሎ ደግሞ ለላሚቱ ስለሚሆን፣ ጾመኛው ወተት ባይጠጣም የፋሲካውን ወተት ሳያውቅ ይቀልብ ነበር። በኋለኛው ዘመን ግን ከሩቅ አገር በበርሜልና በጀሪካን የሚመጣው የፓልም ዘይት ዋጋው ስለረከሰ የኑጉን ቦታ ያዘ። እንዲሁም ዛሬ በካፌዎች የጾም ማኪያቶ በአኩሪ አተር ወተት ይቀርባል፤ ይህን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ከውጭ በካርቶን የታሸገ የእህል ወተት የሚገዛ ባለ ካፌ እህል በረንዳ ወርዶ ሱፍ ቢገዛ፣ ለጾመኛውም፣ ጥሉላትን ለዘወትር ለተወው እንግዳም የአገሩን ወተት ባቀረበለት ነበር። በየቤቱ ያላችሁ ልጆችም እልበትና ስልጆ የሚያውቁ እናቶች ሳያልፉባችሁ መጠኑንና አሠራሩን ጠይቃችሁ ጻፉት።