አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና የፈረንሳይኛ-አማርኛው የመንገደኛ መምሪያ

1. መነሻ

የአማርኛ መዝገበ ቃላት ታሪክ ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሱት ታላላቆቹ መዛግብት ናቸው፤ እነርሱም ሉዶልፍ በ1698፣ ኢዘንበርግ በ1841፣ አንቷን ዳባዲ በ1881፣ ኢኛሲዮ ጉዊዲ በ1901 ያሳተሟቸው ሥራዎች ናቸው (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአራቱም አዘጋጆች የውጭ አገር ሊቃውንት ሲሆኑ የቋንቋው ባለቤት በሥራው ውስጥ የነበረው ድርሻ የጠያቂ ሳይሆን የተጠያቂ ነበር። በ1908 ግን አንድ የጎጃም ተወላጅ ራሱ በደራሲነት ወንበር ተቀምጦ የአማርኛን አነጋገር ከፈረንሳይኛ ጋር አጣምሮ ሮም ላይ አሳተመ። የመጽሐፉ ስም «ጊድ ዲዩ ቯያዠር አን አቢሲኒ» ሲሆን «የመንገደኛ መምሪያ በአቢሲኒያ» ማለት ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን እናነሣለን። እንዲህ ያለው መምሪያ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ ምን ይጠቅማል? የደራሲው የፖለቲካ ሕይወት አገርን ያሳዘነ ሲሆንስ ቃሉን በምስክርነት መጥቀስ ይገባል ወይ?

2. የደራሲው ሕይወት

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1868 በጣና ሐይቅ ዳር፣ በዘጌ ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና የሥዕል ጥበብ ቀስመው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከታወቁ በኋላ በ1887 ወደ ኢጣልያ ተልከው በቶሪኖ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማሩ። በ1890ዎቹ አጋማሽ ለትምህርት ከተላኩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ጋር በስዊስ አገር፣ ፈረንሳይኛ በሚነገርባት በኑሻቴል ከተማ ተቀመጡ። የዓድዋ ጦርነት ሲቃረብ ግን ወደ ኢጣልያ ወገን ተሻገሩ። ይህ ሁኔታ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ከባድ እንከን ነው።

ከ1902 ጀምሮ በናፖሊ በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማሩ። ዋና ዋና መጻሕፍታቸው የወጡትም በዚህ ዘመን ነው። በ1905 በኢጣልያንኛ የተጻፈ የአማርኛ ሰዋስው፣ በ1908 ከፈረንሳይኛው መምሪያ ጋር በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በ1909 «ዳግማዊ ምኒልክ»፣ በ1911 ስለ አማርኛ ግስ የተዘጋጀ ጥናት ታተሙ። ሰዋስው፣ የንግግር መምሪያ፣ ልብ ወለድና ታሪክ ከአንድ ብዕር በሰባት ዓመት ውስጥ መፍለቃቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1920ዎቹ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ተሾሙ። ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1902 የደረሰባት፣ ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋ የነበረባት ከተማ ናት፤ የአባ ቤትማን የአማርኛ-ፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላትም በ1929 የታተመው በዚያው ነው። «ለገሃር»፣ «ቢሮ»፣ «ሹፌር» የመሳሰሉት የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት ከባቡሩ፣ ከጽሕፈት ቤቱና ከመኪናው ጋር ነው። አፈወርቅ ከ1932 ጀምሮ በሮም የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳይ ፈጻሚ ሆኑ። በወረራው ዘመን ግን ወራሪውን አገልግለው «አፈ ቄሣር» ተባሉ። ከነጻነት በኋላ በግዞት ወደ ጅማ ተልከው በ1947 እዚያው ዐረፉ።

3. የመምሪያው ጥቅም

መዝገበ ቃላት ቃልን ከቃል ያጋጥማል፤ የንግግር መምሪያ ግን ዐረፍተ ነገርን ከዐረፍተ ነገር ማጋጠም ግድ ይሆንበታል። ልዩነቱን ለማስረዳት ከመጽሐፉ ያልተወሰዱ፣ ለተርጓሚ ሁሉ የታወቁ ምሳሌዎችን እናቅርብ።

በፈረንሳይኛ «አቯር» የተባለ ግስ አለ፤ ፍቹ ምንድን ነው ቢባል «አለው» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ነገር ግን ፈረንሳዩ በቃል በቃሉ «ረኀብ አለኝ» የሚለውን አማርኛ ተናጋሪ «ራበኝ» ይለዋል፤ «ሃያ ዓመት አለኝ» የሚለውን «ሃያ ዓመቴ ነው»፣ «በራሴ ላይ ሕመም አለኝ» የሚለውን «ራሴን አመመኝ» ይለዋል። በፈረንሳይኛ ባለቤት የነበረው ሰው በአማርኛ «ራበኝ» ውስጥ ተሳቢ ሆኖ ይገኛል። ይህን «አቯር፦ አለው» የሚል አንድ መስመር ሊያሳይ አይችልም።

ሁለተኛው ምሳሌ የአክብሮት ጉዳይ ነው። በፈረንሳይኛ «ቩ» የተባለው ተውላጠ ስም ለብዙዎችም ለአንድ የተከበረ ሰውም ያገለግላል። አማርኛ ግን ብዙዎችን «እናንተ»፣ የሚከበረውን ሰው «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ይላል። «ቲዩ» የተባለውም ጾታ አይለይም፤ አማርኛ «አንተ»ን ከ«አንቺ» ይለያል። እንግዲህ ተርጓሚው ማን ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ አንድ መስመር እንኳ ሊያሻግር አይችልም። መንገደኛና ሀገሬ ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት መጽሐፍ ይህን ጥያቄ በየገጹ ይመልሳል።

4. የምስክሩ ጉዳይ

መምሪያው የቋንቋ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። በመንገደኛውና በሀገሬው ንግግር መካከል የአስተዳደር ጉድለት፣ የገበሬው ድህነትና የወታደሩ በደል ይነሣሉ። ደራሲው አገራቸውን ለውጭ አንባቢ በውጭ ቋንቋ ይነቅፋሉ፤ ሕይወታቸውን የሚያውቅ አንባቢም ነቀፋው ከቁጭት ይሁን ከወገንተኝነት ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

እኛ እንደሚመስለን ሁለት ዓይነት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። የሰላምታ፣ የምግብ፣ የጉዞና የዋጋ ቃላት በተናጋሪው ወገንተኝነት ብዙ አይነኩም፤ በነዚህ የዘጌው ተወላጅ የታመነ ምስክር ነው። የሹመት፣ የሥልጣኔ፣ የነጻነትና የአገዛዝ ቃላት ግን ከተናጋሪው አቋም አይነጠሉም። እነዚህን የሚጠቅስ መዝገበ ቃላት ዓመቱን፣ የታተመበትን ቦታና ለማን እንደተጻፈ አብሮ ማስፈር አለበት። የደራሲውን ስም መሰረዝ በደሉን አይሽረውም፤ የቃሉን ታሪክ ግን ያጎድላል። ስሙን ያለ ማስታወሻ መጥቀስም አንባቢን ማሳሳት ነው።

5. ማጠቃለያ

ከአፈወርቅ መምሪያ በኋላ የሁለቱ ቋንቋዎች ግንኙነት ረዥም መንገድ ተጉዟል፤ በ2003 የብርሃኑ አበበና የኤሎይ ፊኬ የፈረንሳይኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት አዲስ አበባ ላይ ታትሟል። ቢሆንም ከ1908ቱ መጽሐፍ የምናገኘው ትምህርት አላረጀም። ቃል ሰብሳቢው ከጣና ዳር ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ አልፎ ይጁቤ ገበያ ሲደርስ ቃሉን ብቻ ጽፎ ቢመለስ ግማሹን ጥሎ ይመጣል። ዐረፍተ ነገሩን፣ ተናጋሪውንና ሰሚውን አብሮ ይመዝግብ። ከመቶ ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚገልጥ ተርጓሚ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።