ቮልሷ ለምን ተርገፈገፈች?

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው የታሪክ ትምህርት ከመኪና ነው የሚጀምረው፣ ታገሱኝ።

አጎቴ ዓመታት የቆመች ቮልሳቸውን ሰጥተውኝ እንዳሳደስኳት ታውቃላችሁ። ቀለሟም ሞተሯም አማረ። ግን ከቆመችበት ለመነሳት ፍሪሲዮን ስለቅ ትርገፈገፋለች። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሽቅብ፣ በጉም ውስጥ፣ ከከባድ መኪና ኋላ ቆም ነሳ እያሉ ይህን መቻል ቀላል አይደለም። ፔዳሉን ጨርሼ ስለቀው ግን ጸጥ ትላለች።

አንድ ጋራዥ "ዲስኩ ነው" አለኝ። ደመወዜ ላይ ተበድሬ አዲስ ዲስክ አስገባሁ። ያው ነው! አጎቴም "ልጄ፣ ሽጣትና ተገላገል" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ገዢ መፈለግ ጀምሬ ነበር።

በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ተረጋግተው አዩልኝ። መጀመሪያ ዘይት ዲስኩን ነክቶት እንደሆነ አዩ፤ ደረቅ ነው። የካምቢዮውን መያዣ ጎማዎች አዩ፤ ደህና ናቸው። ከዚያ ከመኪናዋ ስር ተኝተው "ይኸው!" አሉ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ የፍሪሲዮኑ ካቦ ከፔዳሉ ተነስቶ በወለሉ መሃል ባለው ቶነል ያልፍና ካምቢዮው አጠገብ በተጣጣፊ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ያ ቱቦ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ታች መርገብ አለበት። የእኔው ቀጥ ብሎ ተወጥሯል። ስለዚህ ሞተሩ በጎማዎቹ ላይ በተወዛወዘ ቁጥር ካቦውን ይስበዋል፤ ፍሪሲዮኑ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። በቱቦው ጫፍ ጥቂት ሮንዴላ ጨመሩበት፣ ረገበ፣ መርገፍገፉም ቆመ። ዲስኩ ምንም አላጠፋም ነበር።

ያን ቀን ስመለስ ያሰብኩት ስለ ፈተና ወረቀቶቻችሁ ነው። "የ1966ቱ አብዮት ምክንያት ምንድን ነው?" ስላችሁ ብዙዎቻችሁ "የቤንዚን ዋጋ መጨመር" ብላችሁ ጽፋችኋል። እኔም ሙሉ ማርክ ሰጥቻችኋለሁ። ይቅርታ!

እርግጥ ነው፣ በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ በመካከለኛው ምሥራቅ በተነሳው ጦርነት የነዳጅ ዋጋ ናረ፤ በየካቲት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ። መምህራንም የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን ተቃውመው ሥራ አቆሙ። መርገፍገፉ የተሰማው እዚያ ነው። የተወጠረው ግን ሌላ ቦታ ነበር። ተማሪዎች "መሬት ለአራሹ" ብለው አደባባይ የወጡት በ1957 ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ። የወሎ ረሃብም ነበር፤ በደጃችን የሚያልፈው መንገድ ወዴት እንደሚወስድ ታውቃላችሁ። በእነዚያ ላይ የቤንዚኑ ዋጋ ቢወርድ እንኳ አዲስ ዲስክ እንደማስገባት ነበር የሚሆነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በምን ነበር? በቮልስዋገን!

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካቦ፣ ሮንዴላ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጣርማ በርን ዋሻ የቆፈረው ጣሊያን ከአምስት ዓመት በኋላ ተባረረ፤ ዋሻውም ቃላቱም ቀሩ። ጀርመን የሠራት መኪና በጣሊያን ዋሻ ስታልፍ በጣሊያንኛ ስም ነው የምትጠገነው። ይሄም ታሪክ ነው እኮ።

ከእንግዲህ "ምክንያቱ ምንድን ነው?" ስላችሁ የተንቀጠቀጠውን ብቻ አትንገሩኝ። የተወጠረውን ፈልጉልኝ። ከየት ጀምሮ ነው የተወጠረው? ማን ነው የሚስበው?

ቮልሷ አልተሸጠችም። ቅዳሜ አጎቴን ይዤ ዋሻውን አልፈን ተመለስን፤ የደብረ ሲና ቆሎ እየበላን። "ትሸጣት ነበር እኮ" አሉኝ። እርስዎ አይደሉ ሽጣት ያሉኝ?

እናንተስ፣ ጥፋቱን ያለ ቦታው ፈልጋችሁ ገንዘብ ወይም ወዳጅ የከሰራችሁበት ጊዜ አለ? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።