እጅ የሚያስታውሰው ቦታ፦ በነጌሌ ቦረና የሁለት ፊደላት ጽሕፈት



የዛሬው ርእሴ ትንሽ ይመስላል፤ ጸሐፊ ከአንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ወደ ሌላው፣ ከአንድ ፊደልም ወደ ሌላው በቁልፍ ብቻ እንዴት ይሻገራል የሚል ነው። በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ ግን ጉዳዩ የዕለት ሥራ ነው። የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ፣ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በላቲን ላይ በተመሠረተው ቁቤ ይጻፋል። ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚደረገው መጻጻፍ ደግሞ በአብዛኛው በአማርኛ ነው።

የታሪኩ መነሻ የጽሕፈት መኪና ነው። ከ200 በላይ የሆኑትን የግእዝ ፊደል ቅርጾች በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር አስቸጋሪ ስለነበር፣ ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ባለሙያዎች ፊደሉን በክፍልፋይ እየቀጠሉ የሚጽፍ መኪና አዘጋጁ። መልኩ ቢተችም አንድ ትሩፋት ነበረው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ቋሚ ቦታ ስላለው ጣት ያለ ዓይን ያገኘው ነበር።

ኮምፒዩተር ይህን ለወጠው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋው «ሴራ» የተባለው ሥርዓት የግእዝን ድምፅ በላቲን ቁልፍ ወከለ፤ ዩኒኮድም በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ አካተተ። ስለዚህ «መ»ን በ«ኤም» ቁልፍ የለመደ ሰው ቁቤንም በዚያው ቁልፍ ይጽፋል። ችግሩ ድምፁ ሲለያይ ይመጣል። የ«ኤክስ» ቁልፍ በቁቤ «ጠ»፣ በሴራ «ሸ» ነው፤ የ«ሲ» ቁልፍ በቁቤ «ጨ»፣ በሴራ «ቸ» ነው። ቁልፉ አንድ ሆኖ ሳለ የእጅ ትዝታ ሁለት መሆን አለበት።

በፕሮግራሞች መካከል መሻገርም እንዲሁ ነው። «አልት» እና «ታብ» ሲጫኑ ዊንዶውስ ፕሮግራሞቹን በቅርብ ጊዜ አጠቃቀማቸው ቅደም ተከተል ያቀርባል። ቅደም ተከተሉ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ከሁለት ፕሮግራም ሲበዙ ዓይን ማየት ግድ ይለዋል። ከዊንዶውስ 7፣ ማለትም ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የዊንዶውስ ቁልፍ ከቁጥር ጋር ሲጫን፣ በግርጌው አሞሌ ላይ በተሰካበት ቦታ መሠረት ፕሮግራሙን ይከፍታል። ደብዳቤው 1፣ ሠንጠረዡ 2 ላይ ከጸኑ፣ እጅ ሳይጠይቅ ይሄዳል።

የቦረና ምድር ይህን ልዩነት ቀድሞ ያውቀዋል። በጥልቆቹ የቱላ ጉድጓዶች ውስጥ ሰዎች በእርከን ላይ ቦታ ይዘው በየተራ ባልዲ ይቀባበላሉ። ማን ከማን ቀጥሎ ከብት እንደሚያጠጣ የሚያስተባብረው ደግሞ «አባ ሄሬጋ» ነው። ተራው በቀን በቀን ሊለወጥ ይችላል፤ የሚቀባበሉት እጆች ግን ባልዲውን የሚያገኙት ቦታቸው ስለጸና ነው። ንጽጽሩ የሥራን ጠባይ እንጂ የሁለቱን ዕድል እኩልነት አያመለክትም።

ከዚህ የማወጣው ፍሬ ነገር ይህ ነው። የኮምፒዩተር ትምህርታችን የአቋራጭ ቁልፎችን ዝርዝር በቃል ያስጠናል፤ ቦታን ግን አያስተምርም። ለሁለት ፊደል ጸሐፊ ዝርዝር አይበቃውም፤ የትኛው ቁልፍ በየትኛው ፊደል ምን እንደሚወክል፣ የትኛው ፕሮግራም የት እንደሚቀመጥ ጸንቶ ሊቆይለት ይገባል። ይህ ካልሆነ በሁለት ቋንቋ የመጻፍ ሸክም በሙሉ በሠራተኛው ዓይንና ድካም ላይ ይወድቃል፤ ባለጉዳዩም በበሩ ላይ ይጠብቃል።